ትንፋሽ የሚያስይዝ ስጦታ

በዚህ ጉዳይ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። እኔ፣ በፍኖተ ሰላም ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁ አናጢ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ። ቡሬ አጠገብ ገጠር የተዳረችው ልጃችን እንጉዳይ። ባሏ አበጀ፣ ገበሬ። አዋላጇ ሲስተር ብርቱካን። ስድስተኛው አሠሪዬ ጋሽ ዋሴ ናቸው፤ ሞተዋል፤ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ከሳቸው ነው።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ዋሴ መጋዝ አላስያዙኝም። አንድ ወንበር በአንድ እጅህ አንሣ አሉኝ። አነሣሁት።

«ቀለለህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የሌላ አናጢ ሥራ ነው። እንጨቱን ሰርቆ ነው ያቀለለው። በል የኔን አንሣ።»

የሳቸውን በሁለት እጄም ከጉልበቴ አላሳለፍኩትም። «ይህን አትርሳ» አሉኝ። አልረሳሁም።

ሁለት ዓመት መላጊያ ብቻ ገፋሁ። በሦስተኛው ሜትርና እርሳስ ተሰጠኝ፤ መሮ ለመጨበጥ አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ቁጥር ከሜትር፣ ፊደል ከደንበኞች የትእዛዝ ወረቀት ላይ ለቀምኩ። የዛሬ ለማጅ በሦስተኛው ወር ማሽን ካላስነካኸኝ ይላል። ይበል።

የራሴን ሱቅ ስከፍት በዓል ሲቃረብ ባሎች ይመጡ ጀመር። «ለሚስቴ የበዓል ስጦታ ሥራልኝ» ይሉኛል። ሙቀጫ ወይም ሳጥን እመርጥላቸዋለሁ። «አንድ ሰው ብቻውን ካነሣው ገንዘብህን እመልሳለሁ» እል ነበር። ገንዘቡን የጠየቀኝ አልነበረም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና፣ ለእንጉዳይ ከዋንዛ ግንድ ሙቀጫ ጠረብኩላት። አራት ቀን ፈጀ። ዘነዘናው ወይራ ነው። ጋሪ ላይ ሲጫን ሰፈሩ ወጥቶ አየ። ጥሩወርቅ ዙሪያውን ዞራ አየችውና፣ «ማን ሊያነሣው ነው?» አለች።

«የኔ ልጅ!» አልኩ። የኔ ልጅ ያኔ ከወለደች ሦስት ወሯ ነበር።

ለፋሲካ፣ የተዳረች ልጅ ለወላጆቿ ዳቦና ጠላ ይዛ ትመጣለች፤ አክፋይ ነው። በዚያው ዓመት አበጀ በግ እየጎተተ ከፊት ገባ። እንጉዳይ ሕፃኑን በእቅፏ፣ ሃያ ሊትር ጠላ በጀርባዋ አድርጋ ከኋላ። እኔም «ጎበዝ!» ብዬ ተቀበልኳት።

ምሳ ላይ የጋሽ ዋሴን አነጋገር እያስመሰልኩ አሣቅኋቸው። እንጉዳይ ግን ሣቁ ሲጀምር ጉልበቷን ትገጥምና ተነሥታ ትወጣለች። በሦስተኛው ተቆጣሁ።

«አባትሽ እያወራ ምን ያቁነጠንጥሻል?»

«ይቅርታ፣ አባዬ።»

እናቷ ተከትላት ወጣች። ስትመለስ አልተቀመጠችም።

«ልጅዎ ታማለች። በሣቀች፣ ባስነጠሰች ቁጥር ሽንቷ ያመልጣታል። ከታች የሚጎትት ነገር ይሰማታል። ያንን ሙቀጫ ከቤት ደጅ፣ ከደጅ ቤት ስታመላልስ ነው የባሰባት።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«ለማን? ለርስዎ?»

ዳቦውን መቁረስ ያዝኩ። አበጀ በጉን ልየው ብሎ ወጣ። ሁለታችንም ፈሪዎች ነበርን።

በበዓሉ ሳምንት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሲስተር ብርቱካን ከመረመረቻት በኋላ፣ እንጉዳይን አስፈቅዳ እኔንና አበጀን አስገባችን።

«ማህፀንና ፊኛን ከሥር የሚደግፉ ጡንቻዎች አሉ፣ አባባ። ወለል ናቸው ይበሉ። ወሊድ አላልቷቸዋል። ሳይጠነክሩ ጭነት መጣባቸው።»

ወለል ስትል ገባኝ። ተሸካሚው እንጨት ሳይጠብቅ ወለል ላይ ዕቃ የሚከምር አናጢ የለም።

«አሁን ጅማሬው ነው» አለች። «የማሳያትን የጡንቻ ልምምድ በየቀኑ ከሠራች፣ ከባድ መሸከም ከተወች ሊሻላት ይችላል። ካልሆነ ግን ማህፀኗ እየወረደ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ነገሩ ቀዶ ሕክምና ላይ ይደርሳል። የሙቀጫውን ነገር ነግራኛለች፤ ለመሆኑ ለዘመን መለወጫ ምን ሊሰጧት አስበዋል?»

«የጽድ ሳጥን።»

እንጉዳይ ሣቀች፤ ወዲያው ጉልበቷን ገጠመች። ያንን አየሁ።

«ስጦታ ሲመርጡ አንድ ነገር ይጠይቁ» አለች ሲስተር። «ስታነሣው ትንፋሿን ትይዛለች? ከያዘች ይተዉት።»

ከዚያ ወዲህ ይህ መለኪያዬ ነው። ሙቀጫውን በማግስቱ አስመለስኩ። ለዘመን መለወጫ ከቀላል የግራቪሊያ ጣውላና ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ሁለት ጀሪካን የሚይዝ የእጅ ጋሪ ሠራሁ። ልብስ ጎንበስ ብላ እንዳታጥብ፣ ሳፋ የሚቀመጥበት ወገብ የሚደርስ ጠረጴዛ ጨመርኩ። ሁለቱም በአንድ እጅ ይነሣሉ። ጋሽ ዋሴ ቢያዩ ሌባ ይሉኝ ነበር።

ግን ጋሪው እስኪደርስ ድረስ ውሃውን ማን ይቅዳ? አበጀን ጠራሁት።

«እኔ ጀሪካን አዝዬ ወንዝ ልውረድ? መንደሩ ምን ይለኛል፣ አባባ?»

ያኔ ሌላ መላ አጣሁ፤ የእኅቱ ልጆች በአህያ ቀዱላት። ጋሪውን ይዤላቸው የሄድኩ ዕለት ግን አበጀ ዙሪያውን ዞረው። ጎማውን አሽከረከረው። «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ሄደ። ሲመለስ ላብ በላብ ሆኖ፣ «ዳገት ላይ ወደ ግራ ይስባል» አለ። የጎማውን ብሎን አጠበቅኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእንጉዳይ አልለቀቀላትም። ወንድ ልጅ ውሃ አያዝልም፤ ጎማ ያለው ነገር ካየ ግን ሚስቱን ቀድሞ ይይዛል። ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማወቅ ነበረብኝ። ጎረቤቶቹም ለሚስቶቻቸው ብለው አራት ጋሪ አዘዙኝ፤ የሚገፉት እነሱ ናቸው።

እንጉዳይ ልምምዱን መቼ እንደምትሠራው አላውቅም፤ ለሰው አይታይም። ጥሩወርቅም ጀምራለች፤ በስድሳ ዓመቷ! ሲስተር እንጉዳይን ባለፈው ስታያት የማህፀኑ መውረድ ቆሟል፣ ልምምዱን ግን እንዳታቋርጥ ብላለች። ዘንድሮ ለፋሲካ አክፋዩን አበጀ ተሸክሞ መጣ። የጋሽ ዋሴን ወግ እንደገና አወራሁ። እንጉዳይ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ሣቀች።

ሙቀጫው አሁን ሱቄ በር ላይ ነው። ለሚስቱ ከባድ ዕቃ የሚያዝ ሲመጣ፣ «መጀመሪያ ይህን አንሣ» እለዋለሁ። ትንፋሹን ሲይዝ ሌላ ዕቃ አሳየዋለሁ።

ትምህርቱ ይህ ነው፤ ስጦታ የሚለካው በተቀባዩ ጉልበት ነው። የጋሪውና የጠረጴዛው ጎማ፣ ጣውላ፣ ብሎንና እስከ ቡሬ የሚኒባስ ጭነት ተደምሮ ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር ወጣ፤ የኔ የሁለት ቀን ሥራ፣ የአበጀ ጥቂት ሐፍረት፣ የእንጉዳይ አራት ወር ዝምታ።