የባሌስትራው ጋራንቲ

ጁባ ነጻነቷን ባወጀች በዓመቱ ገደማ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችኝ። ቶንፒንግ ባለ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው አትላባራ ሰፈር ነበር። የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው የኋላ ባሌስትራ ስለደከመ አንድ የአገራችን ሰው ጋራዥ ወሰድኳት። ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ሆዱ ከመሪ ጋር የሚጣላ ወፍራም መካኒክ ነበር።

"ምን ትጭናለህ?" ሲል ጠየቀኝ።

እውነቱን ለመናገር የምጭነው ባለቤቴንና አንድ ጀሪካን ውሃ ነበር። ግን ያኔ ጁባ ውስጥ ነገ ነጋዴ እሆናለሁ የማይል ሐበሻ የት ነበር? ከወንዙ ወደብ ሲሚንቶ አመላልሳለሁ አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጋሼም አምኖኝ ደንዳናውን የጭነት ባሌስትራ ገጠመልኝ፤ የስድስት ወር ጋራንቲም ጽፎ ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ጭነት የሌላት መኪናዬ ጉድጓድ ባየች ቁጥር እንደ ፍየል መዝለል ሆነ ሥራዋ። ባለቤቴ ማርገዟን ያወቅነው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጽንስ ወርዶባት ስለነበር ሐኪሟ መናጥ የለብሽም ብሎ አጥብቆ አስጠነቀቃት። በአትላባራ መንገድ ደግሞ ሳይናጡ መሄድ የሚቻለው በእግር ብቻ ነበር።

ወረቀቴን ይዤ እየተቆጣሁ ጋራዥ ሄድኩ። ቁጡ ነኝ፤ ያኔማ ይብስብኝ ነበር። ጋሼ ከሥር ገብቶ አየና፣ "ጋራንቲው ለተሰበረ ነው። ያንተ አልተሰበረም፤ የጠፋው ሲሚንቶው ነው" አለኝ። አፈርኩ። እውነቱን ስነግረው፣ የእርግዝናውንም ጭምር፣ ሳቁ ጠፋ። ለስላሳውን ባሌስትራ ከካምፓላ እንደሚያስመጣልኝ፣ እስከዚያው ግን አሸዋ ጭኜ እንድነዳ ነገረኝ።

ስድስት ጆንያ አሸዋ ስንጭንባት መኪናዋ አደብ ገዛች። ባለቤቴ ለሚጠይቃት ሁሉ "እኔና አሸዋው ደህና ነን" እያለች ትስቅብኝ ነበር። የካምፓላው ዕቃ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ወራት አለፉ።

ሰባት ወር ሲሞላት፣ አዲስ አበባ ሄዳ እንድትወልድ ትኬት ቆረጥን። የጉዞዋ ዕለት እሑድ ጠዋት ስወጣ ፀሐይ የበላቸው ጆንያዎች ተቀድደው፣ ያደረው ዶፍ አሸዋውን ጠራርጎታል። ጋሼ ዘንድ ደውዬ አሸዋ የት እንደማገኝ ጠየቅኩት። "ጠብቀኝ" ብሎ ዘጋው።

ብዙም ሳይቆይ ከሁለት እሱን ከሚያካክሉ በያጆቹ ጋር በሞተር ብስክሌት ከች አለ። ከቅዳሴ መምጣቱ ነበር። ነጠላውን እንዳጣፋ ከኋላ ወጥቶ ከዶፉ የተረፈው እርጥብ አሸዋ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱም ተከተሉት። ተው ጋሼ፣ ነውር ነው ብዬ ተሟገትኩ። አንዱ በያጅ የጁባ ሰው ነበርና "ማፊ ሙሽኪላ" አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው።

"ጋራንቲህ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል" አለኝ ጋሼ። "ንዳ።"

አውሮፕላን ማረፊያው እስካለበት እስከ ቶንፒንግ ድረስ መኪናዋ አንዴም አልዘለለችም። ጉድጓድ በተቃረብን ቁጥር ጋሼ ከኋላ "ቀስ በል፣ ሰው ጭነሃል" ይለኛል። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ባለቤቴ እያለቀሰች ጉልበቱን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዞ ከለከላት።

በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ጦርነት ሲነሳ ጁባን ለቀን ወጣን፤ ጋሼ የት እንደደረሰ አላውቅም። በጣም ይናፍቀኛል። አሁን አዲስ አበባ የምነዳት መኪና ለስላሳ ናት፤ የኋላው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ልጄ ናት። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ግን እግሬ ፍሬኑን ከመርገጡ በፊት ጆሮዬ ያን ድምፅ ይጠብቃል፦ ቀስ በል፣ ሰው ጭነሃል።