የጋሽ አስረስ የባሕር ሴት

ጋሽ አስረስ ባሕር አይተው አያውቁም። ዓሣም ቢሆን የሚያውቁት ከዝዋይ መጥቶ ላፍቶ የሚጠበሰውን ቆሮሶ ብቻ ነው። እኔ የማስተምርበት የለቡ መዋዕለ ሕፃናት ባለቤት፣ ወይዘሮ ንግስት፣ ይህ አላሳሰባቸውም። ኒውዚላንድ የምትኖር እህታቸው የአገሩን ነባር ሕዝብ፣ የማኦሪዎችን፣ ተረት የያዘ የሥዕል መጽሐፍ ላከችላቸውና፣ የባሕሯን ሴት ከነዓሣዎቿ የግቢው ግድግዳ ላይ እንዲስሉ ጋሽ አስረስን አመጧቸው። መጽሐፉን በአማርኛ እንድነግራቸው የታዘዝኩት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ ማወቅ እንዲህ ያለ መዘዝ እንደሚያመጣ ማን ነገረኝ።

ጋሽ አስረስ ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ከአባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምረዋል፤ አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ግን እንጀራቸው የሱቅ ታፔላና የፀጉር ቤት ግድግዳ ሆነ። ሀና ማርያም፣ እኛ ሰፈር፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነቡ ጋር ይኖራሉ። አንድ ልጃቸው ሲና ከሰባት ወር በፊት በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ልትሻገር ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።

ሥራውን በጀመሩ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ አምሐ መንገድ ላይ ጠብቀው አስቆሙኝ። ሲና የተሳፈረችባት ጀልባ ተገልብጣለች። አብራት ተሳፍራ የተረፈች ልጅ ደውላ፣ ሲና ስትሰጥም በዓይኗ ማየቷን ተናግራለች። መርዶው ግን የእትዬ ዘነቡ ወንድም ከጎጃም ሲደርስ፣ እሑድ ማለዳ ይነገራል ተባለ፤ እትዬ ዘነቡ የደም ግፊት ስላለባቸው ወገን አጠገባቸው መኖር አለበት።

"አንቺ አብረሻቸው ነው የምትውይው። ፊትሽ ላይ እንዳይታወቅብሽ" አሉኝ አቶ አምሐ።

ወጉ ይህ ነው፣ አውቃለሁ። አባቴ ሲሞት እኔንም አሥር ቀን ሙሉ እየሳቁ አብልተውኛል። ይህን ወግ ከልቤ እጠላዋለሁ። ግን እሺ አልኩ።

ጋሽ አስረስ የተማሩት ደግ ፍጡር በሁለት ዓይን፣ ክፉ በአንድ ዓይን እንደሚሳል ነው። ስለዚህ ቀዩ ዓሣም፣ የባሕር ፈረሱም፣ ባለ ስምንት እጁ ኦክቶፐስም ወደ እኛ ዞረው በሁለት ሁለት ዓይን አፈጠጡብን። ጠፍጣፋውን ዓሣ መጽሐፉ ላይ አይተው "ይሄስ ጅራት ያበቀለ ሰፌድ ነው" አሉና እሱንም አልነፈጉትም። በአንድ ዓይን የቀረው ሻርኩ ብቻ ነው።

"እሱስ ምን አጠፋ?" አልኳቸው።

"ባሕር ውስጥ ሰው የሚበላ እሱ አይደል?" አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። እኔም ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ሐሙስ የባሕሯ ሴት ተራ ደረሰ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከባሕር ወጥታ የብስ ላይ ወዳለው ባሏ እንደምትመጣ፣ ሲነጋ እንደምትመለስ አነበብኩላቸው። ባሏ ሊያስቀራት ፈልጎ፣ ተኝታ ሳለች በእሳት የበሰለ ምግብ አፏ ውስጥ ሊያደርግ ይሞክራል፤ ከቀመሰች ባሕሩ አይቀበላትም። እሷ ግን ደንግጣ ትነቃና ሮጣ ባሕር ትገባለች፤ ወገኖቿም ወደ ታች ይስቧታል። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ዳግመኛ አልተመለሰችም ይላል።

"ከዚያስ?" አሉ ብሩሹን እንደያዙ።

"ከዚያ ተመለሰች" አልኩ።

"ከባሕር?"

"አዎ። ወደ ባሏ።"

አማተቡ። በዚያች ሳምንት ምሳቸውን ጨርሰው ሲበሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓርብ ሳሏት። ፊቷን ወደ እኛ አዙራ፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ እየሳቀች ትመጣለች። ጥርሷ እንደ ሲና ፍንጭት ነው።

"ለዘነቡም ትናንት ደውዬ ነገርኳት" አሉኝ። "በተረት ትጽናናለህ ብላ ሳቀችብኝ። ማታ ስገባ ግን የሲናን ብርድ ልብስ አጥባ አልጋዋን አንጥፋላታለች።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ወይዘሮ ንግስት ሥራውን ሊያዩ መጡ። "እንዴት ታምራለች! ግን ፊቷን ለምን ወደዚህ አዞሯት? መጽሐፉ ላይ እኮ ሄዳ ቀርታለች። አልተመለሰችም።" ምስኪን፣ ምንም አያውቁም።

ጋሽ አስረስ እሳቸውን አላዩም። ያዩት እኔን ነበር፣ ለረጅም ጊዜ። ወይዘሮ ንግስት ወደ ቢሮ እስኪገቡ ጠበቁ።

"ቲቸር፣ ያለ ምክንያት በተረት ማን ይዋሻል?" አሉኝ በቀስታ።

ለመልስ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። እንዴት ሞተች፣ ማን ነገራችሁ አላሉም።

"መቼ ነው የሚነገረን?"

"ነገ ማለዳ" አልኳቸው።

የውሃውን ቀለም በጠበጡና ያን የሚስቅ ፊት በሁለት በሦስት ምት ሸፈኑት። መጽሐፉ ላይ እንዳለው በጎን ይሳሏት አልኳቸው።

"አንድ ዓይን አላደርጋትም። ምን አጠፋች?" አሉ።

በጀርባዋ ሳሏት። ፀጉሯና ትከሻዋ ብቻ ይታያል። ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ እኛ ያያሉ፣ እሷ ወደ ጥልቁ ትሄዳለች። ጨርሰው ብሩሻቸውን አጠቡ፤ እንደ ወትሮው ደህና ዋይ ብለውኝ ሄዱ።

እሑድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ፣ የእትዬ ዘነቡ ወንድምና እኔ በራቸው ላይ ደረስን። አቶ አምሐ ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ጋሽ አስረስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ሌሊቱን አልተኙም።

"እኔ ሰምቻለሁ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እሷ አልሰማችም። እስኪነጋ ተዉልኝ፣ ትንሽ ትተኛ።"

ሁላችንም ደጃፉ ላይ ቁጭ አልን። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳይነጋ ጸለይኩ። በእኛ ላይ ግን የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ ውስጥ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ።

"አስረስ" አሉ እትዬ ዘነቡ ከውስጥ፣ "መጣች እንዴ?"