በቅሎ አታረግዝም ብዬ

ባለፈው ክረምት የአባቴ በቅሎ ሆዷ ገፋ። ጎረቤቱ ሁሉ «አርግዛለች!» አለ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ «እሰይ!» ብለው ኮርቻውን ሰቀሉና ቤተ ልሔም ደብር ለቅዳሴ በእግራቸው መመላለስ ጀመሩ። በዚያ ጭቃ! በዚያ በሚያማቸው ጉልበት! አንድ ቀን ገደል ይገባሉ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

እኔ ንፋስ መውጫ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ካገባሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ የለኝም። አሽሙረኛው ሁሉ ከኋላዬ «በቅሎ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ የበቅሎ ማኅፀን ነገር ሲነሳ ድምፄ ትንሽ ከፍ ይላል።

ቅዳሜ ቤታቸው ሄድሁ።

«አባባ፣ በቅሎ አታረግዝም።»

«ለፈጣሪ ምን ይሳነዋል?»

ማስረዳት ያዝሁ። የፈረስና የአህያ አያት ድሮ አንድ ነበረ። ዘሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ለየብቻው ሲራባ፣ እዚህ የመጣው ለውጥ እዚያ ሳይደርስ፣ እልፍ ትውልድ አልፎ ሁለት ዓይነት እንስሳ ሆኑ። ዛሬ ቢገናኙ በቅሎ ይወልዳሉ፤ እሷ ግን ከእናቷና ከአባቷ የወረሰችው ስለማይገጥምላት አትወልድም።

አባቴ አገጫቸውን እያሻሹ ሰሙኝ። «ወንድሜም ከእኛ ተለይቶ ስማዳ ቆላ ከወረደ ስንት ዘመኑ! ካመት ካመት ይወልድ የለም እንዴ?»

«ኧረ አባባ! የአንድ ሰው ዕድሜ ለዚህ ምኑም አይደለም!»

ተንጨረጨርሁ። ተማሪዬ ቢሆኑ ዜሮ ነበር የምሰጣቸው።

ያኑ ዕለት የእንስሳት ሐኪም ለምኜ አመጣሁ። በቅሎዋን ደህና አድርጎ መረመራትና ሳቁን ዋጥ አደረገ። «አባታችን፣ ጽንስ የለም። ገብስ በዝቶላት ወፍራ ነው፤ ሥራ ስትፈታ ደግሞ ባሰባት።»

በልቤ እልል አልሁ።

በማግስቱ እሑድ ጎሕ ሲቀድ በቅሎዋን ጭኜ ልጓሟን ያዝሁላቸው። እግራቸውን እርካቡ ላይ አሳረፉና መልሰው አወረዱት።

«ምነው? ሐኪሙን ሰምተዋል እኮ!»

«ሰምቻለሁ» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «ያንቺም ሐኪም «አትወልድም» ማለቱን ሰምቼ ነበር። እሱን በሰማሁ ሰሞን ነው የዚች ሆድ የገፋው። አሁን ብወጣባት፣ ልጄ፣ ያንቺንም ተስፋ የቆረጥሁ መሰለኝ።»

እዚያው ቆሜ አለቀስሁ። ቀጥሎ እንደ ልማዴ ተቆጣሁ።

«እርስዎ ገደል ከገቡ ለእኔ ማን ይለምንልኛል? በሉ ይውጡ!»

ወጡ።