የአባ ልጆች

የማጸዳው ኦከርን የሚባል ሰፈር ያለ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የሚማር አንድ ኮሪያዊ ልጅ አለ። አባቱ አገሩ ላይ ፓስተር ነው። «ወጣቱ ቤተ ክርስቲያን ትቷል፤ ተመርቄ ማንን ልሰብክ ነው?» ሲለኝ አሳዘነኝና እሁድ ቫይትቬት፣ እኛ ወደምናስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄድኩ።

ቅዳሴው አልቆ አባ መስቀላቸውን ይዘው ሲወጡ ሕፃኑም ጎረምሳውም «አባ፣ አባ» እያለ ከበባቸው። ኮሪያዊው ደብተሩን አውጥቶ መቁጠር ጀመረ።

«ሁሉም ልጆቻቸው ናቸው?» አለኝ በኖርዌጂኛ።

«አዎ፣ ሁሉም» አልኩት። የንስሐ ልጆች ማለቴ ነው። ንስሐን በኖርዌጂኛ ምን እንደሚሉት ስለማላውቅ ዘለልኩት።

ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ። በኋላ ምሳ ላይ፣ «እናታቸው የትኛዋ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለካ በነሱ ቋንቋ «አፓ» ማለት አባዬ ማለት ነው።

«አባ እኮ መነኩሴ ናቸው፤ ሚስት የላቸውም» አልኩት።

ልጁ ማንኪያውን አስቀመጠ። ለአባቱ ጽፎለት ኖሯል። እነሱ ጋ መሽቶ ስለነበር፣ አባትየው ሠላሳ አንድ ልጅ ወልዶ ሁሉንም ቤተ ክርስቲያን ስለሚያመጣ ቄስ በማታው ጉባኤ ሰብኮ ጨርሷል።