ያጠበቅሁት ዳዶ

መኪና የሚያውቅ ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ከመሥሪያ ቤት ተቀንሼ ታክሲ ነጂ ስሆን፣ ስለ መኪና የማውቀው መንዳት ብቻ ነበር። ከጉርድ ሾላ አለፍ ብሎ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ሁለታችንም የምንበላው በምነዳት አሮጌ መኪና ነበር።

አንድ ሰሞን የፊት ጎማዋ ማጉረምረም ጀመረ። የሰፈራችን አዛውንት መካኒክ በክሪክ አንሥተው ጎማውን ወዘወዙት። ከዚያ ሞዞውን፣ ጎማው የሚታሰርበትን ብረት ማለቴ ነው፣ ፈቱት። ውስጡ ያሉትን፣ ጎማው እንዲሽከረከር የሚያደርጉትን ኩሽኔታዎች በላምባ አጥበው አዲስ ግራሶ በመዳፋቸው እየጠቀጠቁ ሞሏቸው። ሁሉንም መልሰው ሞዞውን የሚይዘውን ዳዶ አጠበቁና ደግሞ ትንሽ አላሉት።

«ጋሼ፣ ላልቶ አይወልቅም?» አልኳቸው።

«ይተንፍስ እንጂ ልጄ! ካነቅኸው ይነድዳል።»

አላመንኳቸውም። ጎማዬ ወልቆ ከፊቴ ሲሮጥ እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ግቢ ውስጥ የሞዞውን ክዳን ከፈትኩ፤ መፍቻው ጫፍ ላይ ቧንቧ ሰክቼ ዳዶውን ባለ በሌለ ጉልበቴ አጠበቅሁት። ደግሞ ኮርቼ ነበር።

የዚያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ የእናቴ አስም ተነሣ። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ከኋላ አስቀምጬ፣ አየር እንድታገኝ መስኮቶቹን በሙሉ ከፍቼ ወደ ሆስፒታል በረርኩ። መገናኛ ሳንደርስ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትተኝ ጀመር። ቀጥሎ ጭስ መጣ። የሚነደው ግራሶ ጭስ እኔው በከፈትኩት መስኮት ገብቶ እናቴን አፈናት። ማሳል እንኳ አቃታት።

ጎማው አልዞርም ብሎ ደርቆ ቀረ። መንገድ መሃል ወርጄ ጮኽኩ። አንድ ሚኒባስ ቆመልን፤ ተሳፋሪዎች ወርደው ተሸክመው አስገቧት። አንዲት የማላውቃት ሴት ደግፋ ያዘቻት። ልገባ ስል እናቴ በጣቷ ወደ መኪናችን ጠቆመች።

«ጥለሃት… እንዳትመጣ» አለችኝ።

ቀረሁ። ታዘዝኳት ልበል? እንጀራችን እንዳይጠፋ ፈራሁ ልበል? ሚኒባሱ ሄደ፤ እኔ ተንበርክኬ የጋለውን ሞዞ በጨርቅ ይዤ ስታገል ቆየሁ። ዳዶው እንዴት እምቢ አለኝ! በመከራ ፈትቼ ኩሽኔታው መሰባበሩን ሳይ፣ መኪናዋን እዚያው ገትሬያት ሮጥኩ።

ሴትየዋ የእናቴን ጫማ ይዛ ሆስፒታሉ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ፊቷን ሳይ ገባኝ።

«ልጇ አንተ ነህ?»

ስሜን ነገርኳት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እጄን ይዛ ይህንኑ ስም ነበር የምትጣራው» አለችኝ። «ዝም ማለት ከበደኝ፤ ‹አቤት እማዬ› አልኩላት።»