ወይዘሮ አንድሩ

የዛሬን አያድርገውና ሄስተር ታሎክ ሌላውን ስትቆጣ ምላሷ እሳት ነበር። ይቺ የኒውዚላንድ ልብስ ሰፊ፣ ሴቶችም እንምረጥ የሚለውን አቤቱታ ይዛ በደኒዲን ከተማ ደጅ ለደጅ ሦስት ክረምት ዞራለች። ውሻ ለቀውባታል፣ እጣቢ ደፍተውባታል። ከሁሉ የሚያበግናት ግን ፈራሚዎቹ ሴቶች ነበሩ። እዚያ አገር ያገባች ሴት የምትጠራው በባሏ ስም ነውና “ወይዘሮ ሂዩ”፣ “ወይዘሮ ጆርጅ” እያሉ ይጽፉላታል።

“ጆርጅ አንቺ ነሽ እንዴ? ታዲያ ጢምሽ የታለ? በይ ሰርዢና የራስሽን ጻፊ!” ትላለች።

የማይሆን የለምና ሕጉ ጸደቀ። የመራጮች ምዝገባ በሚያበቃበት ቀን ግን ጎረቤቷ አይሰን እያለከለከች ገባች።

“እቴ፣ ጉድሽን አልሰማሽም? ዝርዝሩ ተለጥፏል፤ አንቺ የለሽበትም!”

“ምን ትያለሽ! ፎርሙን ከላክሁት ሦስት ሳምንቴ!”

መርፌዋን ጥላ ተነሣች። ባሏ አንድሩ ከጓዳ “አንቺ ሴትዮ፣ ድስቱ እያረረ ነው!” ቢላት “እጅ የለህም? አማስለው!” ብላው ወጣች። ዝናብ እየቀጠቀጣት ዳገቱን ስትወጣ ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ። ዛሬ ካመለጣት ሌላ ምርጫ የሚመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ለሰው ስትለፋ ከርማ የራሷን ልታጣው! በንዴት አለቀሰች።

ጽሕፈት ቤቱ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ጸሐፊው ወረቀቶቹን አገላብጦ አንዱን መዘዘ።

“እሜቴ፣ አንድሩ ታሎክ የሚባል ሰው ተመዝግቧል’ኮ። አንድ ሰው ሁለቴ አይመዘገብም ብለን ይሄን ጣልነው።”

“እሱማ ባሌ ነው!”

“ታዲያ ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?”

አየችው። “ወይዘሮ አንድሩ ታሎክ” ይላል፣ በገዛ እጇ፣ አምሮ ተጽፎ። ያን ሁሉ ሴት ስታሸማቅቅ ከርማ! ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

“ሌላ እንሙላ፤ ቶሎ ይበሉ። ስምዎ?”

“ወይዘሮ አን...” ምላሷን ነከሰች። ጸሐፊው ሳቁን ዋጠ። ብዕሩን ነጠቀችውና ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ደግማ ጻፈች።

ጸሐፊው ማኅተሙን መታበት። ከዚያ መዝገቡን ገልጦ፣ እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበ።

“ሄስተር ታሎክ!”

እናቷ ከሞተች ወዲህ ሄስተር ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም።

“አቤት!” አለች፣ ሳታስበው።