ከእህቴ ጋር ብረት ያነሳንበት ዓመት

የእህቴ ባል የቤቴን በር በእርግጫ ሲመታው እኔ ከውስጥ በትከሻዬ ደግፌው ነበር። አንዴ መታው፤ ተንሸራተትኩ። ደግሞ መታው፤ መቀርቀሪያው ከነምስማሩ ተነቀለና በሩ ፊቴ ላይ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው በቁርጥራጭ ነው። ሽመሉ የጎድን አጥንቴ ላይ ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ። አፌን የሞላው ደም። እህቴ ፀጉሯ በእጁ ተጠቅልሎ፣ ወለሉ ላይ እየተጎተተች በአጠገቤ ስታልፍ። አላለቀሰችም። «አትነሺ፤ ዝም ብለሽ ተኚ» ብቻ ነው ያለችኝ።

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከተማው መብራት አለው፤ በየቢሮው ግድግዳ ስለ ሴቶች መብት የሚናገር ፖስተር ተለጥፏል። እህቴ ታላቄ ናት። ቀየት በሚባል ገጠር ገብስ የሚያርስና በግ የሚያረባ ሰው አግብታ ነበር። በመታት ቁጥር እኔ ጋ ትመጣለች፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ግን የፊት ጥርሷን ስላወለቀው «ከእንግዲህ አልመለስም» ብላ ነበር የመጣችው። እሱም ሽማግሌ አልላከም፤ ራሱ መጣ።

ጤና ጣቢያ ከንፈሬን ሰፉልኝ። ለጎድኔ ከመተኛት ሌላ መድኃኒት የለውም አሉኝ። ተኝቼ የማስበው ስለ እሱ ብቻ አልነበረም። ስለ ገዛ ሰውነቴ አስብ ነበር። ወፍራም ነበርኩ፤ ዳገት ያለከልከኛል፤ ክንዴ ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። ያ ሁሉ ሥጋ አንድ በር መደገፍ አቅቶት እህቴን አስወሰደብኝ። ከሰውየው እኩል የጠላሁት ይህን ሰውነቴን ነበር።

የትምህርት ቤታችን የስፖርት አስተማሪ ቀልደኛ ሰው ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ስፖርት እፈልጋለሁ ስለው ሁለት ሲዲ አመጣልኝ። በአንደኛው ሸንቃጣ ሴቶች በሙዚቃ ይዘላሉ። በሌላው ወንዶች ብረት ያነሳሉ።

«የቱን ልምረጥ?» አልኩት።

«የምትፈልጊው ምንድን ነው? መክሳት ነው ጡንቻ?»

«ሁለቱንም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ ሳቀ። «እስቲ በሚቀልሽ ጀምሪ።»

የሚዘሉትን መረጥኩ። በመንዝ ብርድና በዚያ ከፍታ መዝለል ደረትን በጩቤ እንደመወጋት ነው፤ ጎድኔም ገና አልጠገነም ነበር። ቢሆንም በንዴት ዘለልኩ። በቀን አንዴ ብቻ እየበላሁ ዘለልኩ። ቀሚሴ ሰፋ፤ የሥራ ባልደረቦቼ «አማረብሽ!» አሉኝ። አንድ ቀን ግን ድሮ ያለችግር የማነሳው የውኃ ጄሪካን ከመሬት አልላቀቅ አለኝ። እዚያው ግቢ ውስጥ ጄሪካኑን በእርግጫ መትቼ የእግሬን ጥፍር ነቀልኩት።

ለስፖርት አስተማሪው ነገርኩት። «ሳትበዪ ከዘለልሽማ ጡንቻሽም አብሮ እየቀለጠ ነው» አለኝ። «አሁን እውነቱን ንገሪኝ፤ ለምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ሰው ሲመታኝ እንዳልወድቅ ነው።»

ከንፈሬ ላይ ያለውን ጠባሳ አየና መሳቁን ተወ። «እንግዲያው ብረት ነው። ብረት አንሺ፣ በደንብ ብዪ፣ ለመክሳቱ አትቸኩዪ።»

ብረት የሚሸጥበት ቦታ አልነበረም። ከእሱ ጋር ባዶ የወተት ጣሳዎች ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን በውኃ ቧንቧ አያያዝናቸው። ከመሬት እስከ ወገብ፣ ከደረት እስከ ራስ በላይ፤ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ፑሽ አፕ። መዳፌ ተላጠ። አንዴ ቧንቧው አምልጦኝ ጣቴን ጨፈለቀው። እንቁላልና ወተት፣ ቂንጬና በሶ እበላለሁ፤ ጾም ሲገባ የባቄላ ንፍሮና ምስር ይተካል። ክንዴ ቀስ እያለ ጠነከረ፤ ሆዴም ሳላየው ገባ።

በዚህ መሃል እህቴ እንደገና አምልጣ መጣች። በጥፊ መትቷት ከአንድ ጆሮዋ ደም ይፈስ ነበር። በዚያ ጆሮ ከዚያ ወዲህ ሰምታ አታውቅም። ትንሽ ሲሻላት ከብረቱ ጋር ስታገል አየችኝ።

«ይሄ ደግሞ ምን ዕብደት ነው?» ብላ ብድግ አለችና እኔ የማልችለውን ክብደት በአንድ ጊዜ ከራሷ በላይ አነሳችው። «እንስራ ከዚህ ይከብዳል» አለች።

ደነገጥኩ። «እትዬ፣ ይሄን ጉልበት ይዘሽ ነው እንደዚያ የሚቀጠቅጥሽ?»

ብረቱን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «እሱ እጁን ሲያነሳ የኔ እጅ ይሞታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲዲው ላይ የሌለ ነገር ጨመርን። እኔ የመጥረጊያ እንጨት እሰነዝርባታለሁ፤ እሷ ትይዘዋለች። መጀመሪያ ላይ እንጨቱ ከፍ ሲል ብቻ ራሷን በሁለት እጇ ሸፍና ቁጭ ትል ነበር። «ያዢው!» እላታለሁ፤ አትይዘውም። ተናድጄ የምር እመታታለሁ። ክንዷ ይቀላል፤ እኔ ሄጄ አለቅሳለሁ። አንድ ጠዋት እንጨቱን ከአየር ላይ ቀለበችው፤ ነጠቀችኝና ጭኔን ደጋግማ ገረፈችኝ። በኋላ አቅፋኝ ሳቀች፤ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች።

የመጣው በገበያ ቀን፣ ቀትር ላይ ነው። አልሰከረም ነበር። በሩ ክፍት ስለነበር ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ልብሷን ትልበስና ትውጣ» አለኝ።

«አትሄድም።»

«ያንን ከንፈርሽን ረሳሽው?»

ሽመሉን ሰነዘረ። ግራ ክንዴን አነሳሁ፤ አጥንቴ ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማነው። ግን አልወደቅኩም። አለመውደቄ እኔንም እሱንም አስገረመን። ከዚያ ሥሩ ገብቼ በደህናው ክንዴ ወገቡን አቀፍኩትና በትከሻዬ ከመሬት ነቀልኩት። የድንጋዩ ደረጃ ላይ ጣልኩት። ትከሻዬን ነከሰኝ፤ ጥርሱ ሥጋዬ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል። እህቴ የወደቀውን ሽመል አነሳች። የመጀመሪያው ምት ክርኑ ላይ አረፈ፤ ክንዱ መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጠፈ። ሁለተኛው ግንባሩ ላይ። ከዚያ መቁጠር አልችልም። «በእናትሽ!» እያለ ይጮሃል፤ እሷ ግን እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው በእርጋታ ትመታለች። ይበቃል ብዬ ብጮህ አልሰማ ስትለኝ በላዩ ተኛሁበት። አንዱ ምት እኔን አገኘኝ። ያን ጊዜ ቆመች።

ጎረቤት ግቢውን ሞላው። ፖሊሶቹ እሱን ወደ ጤና ጣቢያ፣ እኛን ወደ ጣቢያቸው ወሰዱን። «ሁለት ሴቶች ናችሁ ይሄን ያደረጋችሁት?» አለን አንዱ ደጋግሞ፤ ሌላ ሰው የደበቅን መስሎታል። ፍርድ ቤት ጉዳዩን ብዙ ጊዜ ቀጠረው። በመጨረሻ እሱ እስራት ተፈረደበት፤ እኔ በነፃ፣ እህቴ በገደብ ተለቀቅን፤ ፍቺውም ጸደቀ።

ስለዚያ ቀን ሰው ሲጠይቀኝ ፈራሁ እላለሁ። ፍርሃቱ ግን በኋላ ነው የመጣው። እሱን ድንጋዩ ላይ ስጥለው የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊትም በኋላም አላውቅም። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል ማለት እፈልጋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ያሳፍረኛል፣ አንዳንድ ቀን አያሳፍረኝም።

ከእስር ሲወጣ ንብረት ለመካፈል ቀየት ሄድን። ሽማግሌዎቹ በጎቹን በሁለት ከፈሏቸው። ክንዱ እንደተጣመመ ጠግኖ ነበር። እህቴ ድርሻዋን መንዳት ስትጀምር ተከተላትና «ያቺን ጥቁሯን ተይልኝ፤ መንታ ነው የምትወልደው» አላት። ድምፁ የልመና ነበር።

«አውቃለሁ» አለችው። «እኔ ነኝ ያሳደግኳት።»

በጎቹን ነድታ አለፈች። ጥቁሯ በግ ከፊት ነበረች።